ትርፍ ያልኩት

ባልታዛር፣ ያ ቁጥር፣ አርባ ብለህ ያለፍከው፣
አጠገቡ «አትንኩት» ብለህ የጻፍከው፣
ምክንያቱን ሳትነግር፣ አንድ መስመር ሳታክል፣
ነካሁት። ስልሳ አልኩት፣ ነገሩ እንዲቀል።

ማሽኑ ስልሳ አራት ጊጋ ነው ያለው፤
ታዲያ ሃያ አራቱ ለማን ነው? እያልኩ
እንደ ስስታም አከራይ ክፍሉን ስቆጥር ዋልኩ፤
ባዶ ቤት አየሁ፣ ተከራይ የሌለው።

ዳታቤዙ ደግሞ በዲስክ ሲዳክር፣
የትናንቱን የሰርዲን ዋጋ ፍለጋ አሥር ጊዜ ሲዞር፣
«ሁሉን ያስታውሰው» አልኩኝ፣ «ምን አለበት?
ትውስታ የሞላው ማን ጠፍቶት ያውቃል ቤት?»

ማክሰኞ አማረበት። ረቡዕ ጭራሽ ሮጠ።
ሐሙስ አለቃችን ኪንቴላ ጠረጴዛዬ ላይ ኬክ አስቀመጠ።
ኬኩን እየገመጥኩ አንተን ታዘብኩህ፦
እንዲህ ያለ ማሽን አስሮ የሚያኖር
ምን ዓይነት ሰው ነበር?

ለካ ሦስቱንም ቀን ባሕሩ ተዘግቶ ነበር።
ጀልባ አልወጣም፣ ዓሣ አልገባም፣
የሮጠው ሰው በሌለበት ጎዳና ነው።

ዓርብ ማዕበሉ በረደ።
ሌሊት አስር ሰዓት ላይ የፔኒሽ ወደብ ጀልባ በጀልባ ሆነ፤
ሳጥን በሳጥን ላይ፣ በረዶ በበረዶ ላይ፣
ከሌይሪያ፣ ከቪዜው፣ ከማዶ ከስፔን
አራት መቶ ገዢ ባንድ ትንፋሽ ገባ።
እያንዳንዱ ሲገባ እፍኝ ትውስታ ይጠይቃል፤
ዋጋ ለመደርደር እፍኝ፣
የጀልባውን ስም ከሳጥኑ ጋር ለማጣመር ሌላ እፍኝ።
እፍኝ ምን አላት? ብዬ ነበር እኔም።
አራት መቶ እፍኝ ግን ጎተራ ያራቁታል።

መጀመሪያ ማሽኑ አቃሰተ፣
የያዘውን ወደ ዲስክ እየጣለ፣ የጣለውን መልሶ እያነሳ።
ቀጥሎ ስርዓቱ፣ ይሉኝታ የማያውቀው፣
ከሁሉ ወፍራሙ ማነው ብሎ ዞሮ አየና
በገዛ እጄ ያወፈርኩትን
ገደለው።

የጨረታው ሰሌዳ ጠቆረ።
ጁቬንሲዮ ማይኩን ጥሎ ሳጥን ላይ ወጣ፣
እንደ አባቱ ዘመን በጉሮሮው ሊሸጥ።
ሰርዲኖቹ በተከፈተ ዐይን ያዩኝ ነበር።
ቆጥ አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ፣
እሱም ዓሣ ነው፣ እሱም የሰው ነው።

ደወልኩልህ።
የመርከብ መጠጊያው ጫፍ ላይ ካላማሪ ታጠምድ ነበር፤
ነፋሱ ከድምፅህ ቀድሞ መጣ።
«ምን ሆነ?» አላልክም።
«ስንት ሰጠሽው?»
«ስልሳ።»
የመቃጥንህ መዘውር ሦስት ጊዜ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለ።
«ለሌላውስ?»
«ሌላው ማነው?» አልኩህ፣ እንደ ሞኝ፣ እንደ ልጅ።
አልሳቅክም። ቆጠርክልኝ፦ የሚገቡት ሰዎች፣
የሌሊቱ ቅጂ፣ ፋይሉን በራሱ ጓዳ የሚያቆየው ስርዓት፣
ሁሉን ቆሞ የሚጠብቀው ያ ትንሽ ፕሮግራም።
ባዶ ያልኩት ክፍል ለካ ሰው ሞልቶበታል፤
ድምፅ ስላላሰሙ የሉም ብያለሁ።

«አርባ እንዴት አገኘኸው?» ስል ጠየቅኩህ፤
ስሌት ጠብቄ ነበር፣ ቀመር፣ አንዳች ምሥጢር።
«ሠላሳ ስድስት ብዬ ዘገየብኝ፣
አርባ አራት ብዬ ወደቀብኝ።
አርባ አልኩ፣ ጡረታዬ ደረሰ።»
ያን ጊዜ ሳቅክ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ዛሬ ፋይሉን ከፍቼ አርባ አልኩት እንደገና፤
«አትንኩት» ያልከውን ሰረዝኩ፣ ትእዛዝ ብቻ ነውና።
በቦታው ጻፍኩበት ስድስት ሙሉ መስመር፦
ስለ ማዕበሉ፣ ስለ አራት መቶው፣ ስለዚያች እፍኝ ነገር፣
ሰሌዳው በጠቆረ ጊዜ ስለ ቀለጠው በረዶ።
ከሁሉም በታች፣ ስሟን ለማላውቃት፣
ነገ ወንበሬ ላይ ለምትቀመጠው፣
«ንኪው» አልኩ። «ግን ባሕር ተዘግቶ ሳለ አትለኪው።»